ስሜን በመጻፌ ስለ መሞቴ

ለተከበሩ ጓድ ሸዋንዳኝ
የኮምፒዩተር ቋንቋ አጥኚ ቡድን መሪ
አዲስ አበባ

ጤናዎ እንደ ማሽንዎ የማይዛነፍ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ የላንቴው ገበሬ ኦይታ ዛራ፣ ከመሠረተ ትምህርት የማታ ክፍል አንደኛ ወጥቼ በገዛ እጄ የጻፍኩትን ይህን ደብዳቤ በአክብሮት አቀርባለሁ። የፊደሌን ቁመና ያየ ሁሉ የመምህርታችን የሻሺቱ ነው ይላል፤ የእሷ እንዲህ እንደማያምር ግን ራሷም ታውቃለች።

አምና ከተማችን ሴቻ ድረስ መጥተው፣ የገበሬውን መዝገብ የሚይዘው ኮምፒዩተር እንዳይሳሳት አዲስ የማዘዣ ቋንቋ እንዳጠናችሁ፣ ትእዛዙም ሥራ ሳይጀምር ትክክለኛነቱ መስመር በመስመር እንደተረጋገጠ ሲያስረዱን፣ ከአዳራሹ ሁሉ አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ምስጋናዬ በተራ ቁጥር የሚከተለው ነው።

1ኛ. አምና መዝገቡ ላይ በአውራ ጣቴ ፈረምኩ፤ ዘንድሮ ስሜን ጻፍኩ። ኮምፒዩተራችሁ የአፈራረሙ ዓይነት ከአምናው አልገጥም ቢለው፣ ባለ አሻራውን ኦይታ ሞቷል፣ ስሙን የጻፈውን ኦይታ ደግሞ መሬት የሌለው አዲስ መጤ ነው ብሎ መዘገበ። ለአንድ ሰው ሁለት ውሳኔ፣ ያውም ሳያጉላላ።

2ኛ. ሟች ስለማያርስ የሙዝ ማሳዬ ለዘካሪያስ ተመራ። ሙዙ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እኔ በአጥር በኩል አየዋለሁ። ዘካሪያስ ደግ ጎረቤት ስለሆነ ባየኝ ቁጥር ነፍስ ይማር ይለኛል።

3ኛ. ለአቤቱታዬ የላካችሁት መልስ፣ ትእዛዙ እንደገና ተመርምሮ የታዘዘውን በትክክል እንደፈጸመ ይገልጻል። አምኛለሁ። እኛ ክፍል ውስጥ የጻፍነውን ለሌላ ሰው አስነብበን፣ ምን እንደገባው ሳንጠይቅ አናስረክብም። እናንተ ትእዛዙን ያስነበባችሁት ጣቱን ቀለም ነክቶት ለማያውቅ ባልደረባችሁ ሳይሆን አይቀርም። አገር በሙሉ ፊደል ሲቆጥር፣ አንድ ገበሬ በአንድ ዓመት ውስጥ ስሙን መጻፍ ሊችል እንደሚችል ያሰበ አልተገኘም። መሞት እንደሚችል ግን አስባችኋል።

የገበሬ ማኅበራችን ጸሐፊ ከሞት የምነሳበት አንድ መንገድ እንዳለ ነግሮኛል፤ የአምናውን አሻራ እንደገና ማተም ነው። መጻፌን ሳልክድ ልነሳ ብዬ አሥር ቀን አስቤበት፣ ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ከመቃብር ወዲህ ማዶ ሆኜ የማከብርዎ፣
(የኦይታ ዛራ የቀኝ አውራ ጣት አሻራ)

ማሳሰቢያ፦ ባለቤቴ አገርነሽ በጣቷ ስለፈረመች በመዝገባችሁ እስካሁን በሕይወት አለች፤ የቀረን ግቢ፣ ቅጠሉን ቀቅለን ከምንበላው የሽፈራው ዛፍ ጋር፣ በስሟ ነው። ስሟን መጻፍ ጀምራ ሦስተኛው ፊደል ላይ ደርሳ ነበር። ደብተሯን ደብቄዋለሁ።