ከታካሚዎቹ ቀድሞ የገባው ውጤት

ውድ ጋሽ መጋዘን፣

በዚህ ቅጽል ስም የጠራሁዎት ለቀልድ አይደለም። የሆስፒታሉን መረጃ በየቀኑ እየገለበጡ ስለሚያስቀምጡ ስሙን ያወጣሁልዎ እኔው ነኝ፤ ዛሬ በእውነተኛ ስምዎ ልጠራዎት አፌ አልደፍር አለ።

መረጃው ሁሉ ያለበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ሰርቨሩ፣ የተቃጠለበትን ጠዋት መቼም አይረሱትም። ያስቀመጡትን ቅጂ አዲሱ ማሽን ላይ ስንጭነው ታካሚዎቹ ገቡ፣ ቀጠሮዎቹ ገቡ፤ የላቦራቶሪ ውጤቱ ሰንጠረዥ ግን ባዶውን ቀረ። ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ አንዲት እናት የልጇን ውጤት ትጠብቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ጮኸብዎ፦ "አሥር ዓመት ሙሉ ባዶ ሳጥን ነው ሲያስቀምጡ የኖሩት?"

"ቅጂው ሙሉ ነው፤ በዓይኔ አይቼዋለሁ" አሉ። ማን ይስማዎት!

ከሰዓት በኋላ ነገሩ ገባኝ። ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ለእርስዎ ሳልነግር፣ ያልተመዘገበ ታካሚ ውጤት እንዳይገባ ዳታቤዙ ላይ ቁጥጥር ጨምሬ ነበር። ቅጂው ሲጫን ሰንጠረዦቹ የሚሞሉት በስማቸው የፊደል ተራ ነው፤ "ላቦራቶሪ" ከ"ታካሚ" ስለሚቀድም ውጤቶቹ ከታካሚዎቹ ቀድመው መጡ። የእኔ ቁጥጥርም "ታካሚው የለም" እያለ አንድ በአንድ መለሳቸው። ቁጥጥሩን አነሳሁት፤ ታካሚዎቹን አስቀድሜ ውጤቶቹን አስከተልኩ። አንድም አልጎደለ።

"ልጄ፣ አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!" አለ ሥራ አስኪያጁ። ሁሉም አጨበጨበልኝ። እርስዎም አጨበጨቡ። ያኔ መናገር ነበረብኝ፤ ጭብጨባው ጣመኝና ዋጥ አደረግሁት። በሳምንቱ፣ ጥፋቱ የእርስዎ ነው ተብሎ፣ በጡረታ ስም ሸኙዎት።

ባለፈው ማክሰኞ ልጅዎን አውቶቡስ ፌርማታ ላይ አገኘኋት። "አባዬ ተለውጧል" አለችኝ። "የምድጃውን መዝጊያ አምስት ጊዜ ይፈትሻል። 'አእምሮዬ ከድቶኛል፣ ሥራዬንም ያበላሸሁት ለዚህ ነው' ይላል።" አውቶቡሱ ሲመጣ ሳልሳፈር ቀረሁ።

ትናንት ለሥራ አስኪያጁ ሁሉንም በጽሑፍ ሰጠሁት። "ያለፈውን ምን አስቆፈረሽ?" አለኝ። የሚያደርገውን አላውቅም፤ ከሥራ ቢያባርረኝም እውነት አለው። ቅዳሜ ጠዋት ቤትዎ መጥቼ በልጅዎ ፊት እደግመዋለሁ። በሩን ቢዘጉብኝ ከደጅ ሆኜ እናገራለሁ።

እስከዚያ ግን ይህችን ብቻ ይያዙልኝ፦ አእምሮዎ አልከዳዎትም። የከዳሁዎት እኔ ነኝ።

ባልደረባዎ የነበርኩት