ለአክስቴ፦ ስለ ድንጋዩና ስላላለቀው አልበም

ሄግ፣ ላክ ሰፈር
መጋቢት 1987 በፈረንጅ

ውድ አክስቴ የትነበርሽ፣

እንደምን ሰነበትሽ ብዬ ልጀምር ነበር፤ ስልክ የማያነሳ ሰው ግን እንዴት እንደሰነበተ አይጠየቅም። እኔ ደህና አይደለሁም፣ ተናድጃለሁ። ሮተርዳም እኮ እዚሁ አፍንጫችን ስር ነው፤ አንቺ ግን ውቅያኖስ የተሻገርሽ ይመስል ጠፋሽ። በደወልኩ ቁጥር አብራሽ የምትኖረው ሴትዮ ታነሳና "ሥራ ገብታለች" ትለኛለች። ከኋላዋ ስታስዪ ይሰማኛል። ሳልሽን አውቀዋለሁ፤ በሁለተኛው አልበምሽ፣ በሁለተኛው ገጽ መጀመሪያ ላይ፣ ከበሮው ከመግባቱ በፊት አለ።

ረጋ ብዬ ልጽፍልሽ ሞክሬ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ እንደተናደድኩ ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ሮይ እኛ ቤት ደወለ። ያ ከሱሪናም የመጣው ባስ ጊታር ተጫዋች፣ ባለ ስቱዲዮው። ከእርቁ በፊት የጀመርሻቸው አራት ዘፈኖች ያሉበት ቴፕ እስከ ዛሬ መደርደሪያው ላይ ነው።

"ለአክስትሽ ንገሪያት" አለኝ። "እስከ ወሩ መጨረሻ መጥታ ካልጨረሰችው፣ ሌላ ሰው እቀዳበታለሁ። ቴፕ እንደ ድንች አይበቅልም።"

"ማንን ነው የምትቀዳበት?"

"የካርኒቫል ባንድ ነው። ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ሳክስፎን ይነፋሉ።"

አክስቴ፣ አሁንም ሳክስፎን! ካንድ ሳክስፎን ሸሽተሽ መጥተሽ በሳክስፎን መንጋ ልትጠፊ ነው።

ታሪኩን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ። ቢሆንም ልጽፈው ነው፤ በኛ ቤት በተወራ ቁጥር ያንቺ ድርሻ እያጠረ የሳክስፎን ተጫዋቹ የአቶ አበጋዝ እየረዘመ ሄዷልና። አሁንማ እሳቸው ሲያወሩት፣ አዲስ አበባ አብራችሁ በሠራችሁበት ሆቴል ውስጥ አንቺ የምትዘፍኚው እሳቸው ትንፋሽ እስኪሰበስቡ ድረስ ነው። እማዬ ግን የዚያን ጊዜ ፎቶ አሳይታኛለች፤ ጸጉርሽ አፍሮ ሆኖ በበር አያስገባም፣ ሱሪሽ ከታች ወለል ይጠርጋል፣ ከኋላሽ ግድግዳው ላይ "የሶል ሙዚቃ ንግሥት" የሚል ወረቀት ተለጥፏል። አቶ አበጋዝም አሉ፤ ግማሽ ፊታቸውን ያንቺ አፍሮ ሸፍኖታል። እኔ እስከ ዛሬ ያልለቀቃቸው ቂም ከዚያ የጀመረ ይመስለኛል።

ከዚያ ለብቻሽ አንድ ሸክላ አወጣሽ፤ ከተማው አበደበት። ቀጥሎ አብዮቱ መጣ፣ ሰው ሁሉ ተበተነ፣ አንቺም እዚህ ደረስሽ። የመጀመሪያውን አልበም ከሮይ ጋር በካሴት ስታወጪ የእኛ ሽማግሌዎች ምንም አላሉም። "ባንድ ስታጣ ምን ታድርግ፣ ምስኪን" ብለው አዘኑልሽ። ሁለተኛው ግን ሸክላ ነው፤ ስሙ "ብቻዬን"፤ ሽፋኑ ላይ ቢጫ ካፖርት ለብሰሽ በብስክሌት ትሄጃለሽ፣ ከኋላሽም ከጎንሽም ሰው የለም። አቶ አበጋዝ ያኔ ሆላንድ ገብተው ዛንዳም የካካዎ መጋዘን ውስጥ መሥራት ጀምረው ነበር። አንዱ ሽፋኑን አሳያቸው። ገለበጡት፤ ስማቸው የለም። እንደገና ገለበጡት፤ አሁንም የለም። በቀጥታ ወደ አባዬ መጡ።

አባዬ እንግዲህ ወንድምሽ ነው፤ ከላይኛው ፎቅ ሰውዬ ጋር ስለ ብስክሌት ማቆሚያ ተኳርፎ እስከ ዛሬ ሰላም አይለውም። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ እሱ ሆነ!

ያን ቅዳሜ ከሰዓት ሳሎናችን ውስጥ የነበረውን አልረሳውም። ሌላው ሽማግሌ አቶ ሽባባው ጋቢያቸውን ተከናንበው ሲያንቀላፉ ቆዩና ድንገት ነቁ።

"አንድ እጅ አያጨበጭብም!"

"ትዘፍናለች እንጂ አታጨበጭብም እኮ" አልኩ።

"ሰገነት፣ ዝም በይ" አለ አባዬ።

"ብቻውን የሚሮጥ የሚቀድመው የለም!" ቀጠሉ አቶ ሽባባው።

"እና ጥሩ አይደል እንዴ?"

"ይህቺን ልጅ ወደ ጓዳ!" አለ አባዬ።

ጓዳው ከሳሎን ጋር አንድ መሆኑን ረስቶታል። እዚያው ሆኜ ፍርዱን ሰማሁ፤ ሙያ ያስተማረሽን ሰው በአደባባይ ትተሻል፣ ስለዚህ እንደ ወጉ ድንጋይ ተሸክመሽ ይቅርታ ትጠይቂያለሽ፣ ሦስተኛውም አልበም ከአቶ አበጋዝ ጋር ይሆናል።

ታዲያ ሄግ ውስጥ ድንጋይ ከየት ይምጣ? አገሩ አሸዋ ነው። ሦስት የተከበሩ ሰዎች ጫማቸውን አጥልቀው ወጡ። አቶ ሽባባው ከባሕር ዳር ጠጠር እናምጣ ሲሉ፣ አቶ አበጋዝ "ጠጠር ለጥቃቅን በደል ነው" ብለው ተቆጡ። በመጨረሻ ማዘጋጃ ቤቱ ለጥገና የከመረውን የእግረኛ መንገድ ንጣፍ አዩ። ያን አራት ማዕዘኑን፣ ግራጫውን። አንዱን ለሁለት ተሸክመው፣ ጋቢ ለባሹ አቶ ሽባባው ከፊት እየመሩ፣ ደረጃውን ወጡ። ከታች የምትኖረው ታንተ ኮሪ በመስኮቷ ታያለች። ታንተ ኮሪ ደግሞ ቆሻሻ ያለ ቀኑ ያወጣን ሰው የምታሳስር ሴት ናት።

አንቺ ተንበረከክሽ። ድንጋዩን አንገትሽ ላይ አደረጉልሽ። እኔ "እምቢ በይ፣ እምቢ በይ" እያልኩ በዓይኔ ስጮህብሽ፣ አንቺ ምንጣፉን ታያለሽ። አቶ አበጋዝ "አውርጂው" ማለት ነበረባቸው፤ እሳቸው ግን ንግግር ጀመሩ። ከሆቴሉ ዘመን ተነስተው ገና ወደ ስደቱ ታሪክ ሳይደርሱ በሩ ተንኳኳ። ፖሊስ!

አስተርጓሚዋ እኔ ሆንኩ። ፖሊሱ ወጣት ነው፣ ጆሮው ቀይ። አንቺን አየ፣ ድንጋዩን አየ፣ በክብ የተቀመጡትን ወንዶች አየ።

"ሴትዮዋን ማን ምን አደረጋት?" አለኝ።

"ይቅርታ እየጠየቀች ነው።"

"ስለ ምን?"

"ሸክላ ስላወጣች።"

እንደገና ድንጋዩን አየ። "ሸክላው መጥፎ ነበር?"

ይህን ወደ አማርኛ መለስኩላቸው። አክስቴ፣ ያን ጊዜ ታስታውሺዋለሽ? አባዬ አቶ ሽባባውን አየ። አቶ ሽባባው አቶ አበጋዝን አዩ። አቶ አበጋዝ ኮርኒሱን አዩ። አንዳቸውም አልሰሙትም ነበር! ሽፋኑን ገልብጠው፣ ስም ፈልገው፣ ፈረዱ። ሸክላው እዚያው ቁም ሳጥኑ ላይ፣ ማጫወቻው ከጎኑ ነበር። ፖሊሱ መልስ ሳያገኝ፣ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለስ ብሎ ሄደ። እነሱም እንዳልተጠየቁ ሆነው "ይቅር ለእግዜር" ተባባሉና ተሳሳሙ።

እኔ የምናደደው በእነሱ ብቻ አይደለም። እነሱ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ሰው የማስታረቅ ሱስ አለባቸው። አንቺ ግን "እሺ" አልሽ! ያን "የእርቅ" የሚባለውን አልበም ሰምተሽዋል? በአባዬ ንግግር ይጀምራል። "ክቡራትና ክቡራን" ይላል፣ በሸክላ ላይ! ከዚያ ሳክስፎን፣ ከዚያ እንደገና ሳክስፎን፤ አንቺ በመሃል እንደ እንግዳ ብቅ ትያለሽ። ባሳተሙት ማግስት ዕቃሽን ይዘሽ ሮተርዳም ሄድሽ፤ ሆስፒታል ጽዳት ገባሽ፣ "ከእንግዲህ አልዘፍንም" አልሽ። አባዬ ደግሞ ይገርመዋል። "አስታርቀናት ምን ሆነች?" ይላል እራት ላይ። እማዬ ሳህኑን ከመደርደሪያው ጋር ታጋጫለች።

አንድ ነገር ግን አታውቂም። ባለፈው እሑድ አባዬ ብቻውን ቤት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ቀድሜ ስመለስ ከደረጃው ጀምሮ ድምፅሽ ይሰማል። "ብቻዬን"ን ከፍቶታል። በሩ ላይ ቆሜ አዳመጥኩ፦

ተሰልፈን ስንሄድ መንገዱ ጠበበኝ፣
ብቻዬን ስራመድ አገሩ ሰፋልኝ።

ስገባ ሊያጠፋው ተንደፋደፈና ሸክላውን በመርፌው ጫረው። "ይቺ... እህቴ እኮ ናት" አለ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር። "ታዲያ ደውልላትና ንገራት" አልኩት። "ታላቅ እኮ ነኝ" አለ። አየሽው? የሚያለቅሰውም በሽማግሌ ደንብ ነው።

እሱ አይመጣም። አቶ አበጋዝም አይመጡም። አቶ ሽባባው ቢመጡ ባቡሩ ላይ እንቅልፍ ወስዷቸው ሌላ ከተማ ይደርሳሉ። ስለዚህ እኔ እመጣለሁ።

ድንጋዩን ወደ ቦታው እንድመልስ ያዘዙት እኔን እንደነበር ታስታውሻለሽ። አልመለስኩትም። አልጋዬ ስር ነው፤ ማዘጋጃ ቤቱ እስካሁን አልጠየቀኝም። ቅዳሜ ጠዋት በትምህርት ቤት ቦርሳዬ ጨምሬ፣ ከሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ ተሳፍሬ፣ ደጃፍሽ ስደርስ አንገቴ ላይ አወጣዋለሁ። ድንጋይ ተሸክሞ ደጅ የመጣን ሰው መመለስ ነውር ነው፤ ይህን ያስተማሩኝ ራሳቸው ናቸው። መሸከም የነበረባቸው እነሱ ስለማይሸከሙት፣ በእነሱ ስም እሸከመዋለሁ። አብራሽ የምትኖረው ሴትዮ "ሥራ ገብታለች" ብትለኝ እዚያው እንበረከካለሁ። ጎረቤት ፖሊስ ቢጠራም ደስታውን አልችለውም፤ እንደዚያ ባለ ቀይ ጆሮ ፖሊስ የሚጠይቀኝ ከመጣ ለጥያቄው መልስ አለኝ። መጥፎ አልነበረም። ሽፋኑን ብቻ ላዩት እንጂ፣ ለሰማው ሰው በጭራሽ መጥፎ አልነበረም።

ሮይ ቅዳሜ ከሰዓት ስቱዲዮውን ነጻ አድርጎ ይጠብቀናል። አራቱ ዘፈኖች ያንቺ ናቸው፤ ንግግር የለባቸውም፣ ሳክስፎን የለባቸውም።

በሩን ስትከፍቺ "ይቅር ለእግዜር" እንዳትዪኝ። ድንጋዩን ከአንገቴ አውርጂልኝና፣ ድሮ ኩሽናችን ውስጥ ማንኪያ ይዘሽ ታደርጊው እንደነበረው፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" በይ።

ከዚያ በኋላ እኔ ዝም እላለሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ።

አንገቷን ከአሁኑ እያለማመደች ያለችው የወንድምሽ ልጅ፣
ሰገነት ማንደፍሮ