የተዘጋው ትምህርት ቤት ደወል

ጥር 9 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ አምባሰል

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን በጦርነቱ ሰበብ ከተዘጋ ወዲህ ተማሪዎቼ የውትድርናውን አፈሳ ሸሽተው በየገደሉ ነው የሚያድሩት። ዛሬ ጠዋት የተማሪዬ የሰይድ እናት እትዬ ዘሃራ መጥተው እግሬ ላይ ወደቁ።

"መምህር፣ በአላህ ይዤሃለሁ፣ ደወሉን ብቻ ደውልልኝ። ተማሪ ነው ብለው ይተውልኝ ይሆናል።"

እምቢ ማለት አቃተኝ። ግቢው ውስጥ የተንጠለጠለውን የመኪና ቸርኬ በብረት ደበደብኩት። ሰይድ ብቻ የሚመጣ መስሎኝ ነበር። ተማሪዎቼ ሁሉ ከየገደሉ ወጥተው ክፍሉን ሞሉት። ገሚሶቹ ደብተር እንኳ ይዘዋል። አልጀብራ አስተማርኩ።

ስመለስ፣ ወጣቱን የሚያሳፍሰው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ደጄ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "ጎበዝ፣ ጓድ መምህር! ነገም ደውል" አለኝ።

ልጆቹን ስሸኝ፣ ነገ ባልደውልም ኑ ብያቸዋለሁ። አሁን እንዳይመጡ እንዳልልክባቸው፣ የት እንደሚያድሩ አልጠየቅኳቸውም።