አብሯቸው የሚኖረው ሰው

ጥቅምት 4
ቢሮ ዋልኩ። አዘጋጁ ለሚቀጥለው እትም ስለ ጉንፋን ክትባት ጻፊ አለኝ። “ማን ይከተብ፣ ለምን ይከተብ… እንደምታውቂበት ሳቅ ሳቅ አድርገሽ።” እሺ አልኩ። አፌ እሺ ማለት ለምዶበታል።

ቤት ስገባ ከአክስቴ ክፍል ሳል ሰማሁ። ሁለቴ፣ አጭር፣ ከዚያ ጉሮሮ ማጥራት። እንዲህ ነበር የምትስለው። ካረፈች አሥራ አንድ ወሯ።

የጎረቤት ነው አልኩ። ጎረቤት ያለው ግን በሌላው ግድግዳ በኩል ነው…

ጥቅምት 7
ጽሑፉን ጀመርኩት። “በዕድሜ የገፉ፣ ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆች፣ አስምና ስኳር ያለባቸው…” ቀጥሎ የሚመጣውን አውቀዋለሁ። እጄ እምቢ አለ።

ጥቅምት 9
እህቴ ደወለች። ልትወልድ ወር አልቀራትም።

“እኔ ተከትቤያለሁ፤ ለልጁም ይተርፈዋል አሉኝ። እሱ ራሱ ስድስት ወር ሳይሞላው አይወጋም። አንቺስ? አቃፊዋ አንቺ ነሽ እኮ።”

“እከተባለሁ።”

“አንቺና መርፌ…” ሳቀች። አታውቅማ።

ጥቅምት 10
እዚህ እንኳ ልጻፈው። ከማን ልደብቅ?

አምና አክስቴን ጤና ጣቢያ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ልብስ ሰፊ አይደለች… “ዕድሜ ልኬን ጨርቅ ስወጋ ኖሬ ዛሬ ተራዬ ደረሰ” ብላ ክንዷን ሰጠች። ነርሷ ስቃ ወደ እኔ ዞረች።

“ሥራውን እስኪጀምር ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። አብሯቸው የሚኖረውስ ሰው?”

“እኔ ምን ሆኜ? ድንጋይ ነኝ።”

ወረፋ እንኳ አልነበረም።

በስድስተኛው ቀን ትኩሳት ይዞኝ ገባሁ። አትቅረቢኝ አላልኳትም። ግንባሬን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርገው ደስ አለኝ፣ ልጅ የሆንኩ መሰለኝ። እኔ ስነሳ እሷ ተኛች። አልተነሳችም። ሊያጽናኑኝ የመጡት “ዕድሜዋም ነው” ሲሉ ራሴን ነቀነቅኩ።

ጥቅምት 13
ዛሬም ያው ሳል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከክፍሏ በር ጀርባ። ከፈትኩት። የስፌት መኪናዋ፣ ወንበሯ፣ መርፌው ላይ የቀረ ሰማያዊ ክር። ማንም የለም።

ጥቅምት 14
ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ያችው ነርስ።

“እማማ ደህና ናቸው? እኚያ ቀልደኛዋ?”

“አረፈች።”

“ምን አግኝቷቸው?”

“እኔ።”

ክንዴን ያዘች። “ምናለ አጥብቄ በነገርኩሽ” አለች።

“ነግረሽኛል” አልኳት። ከዚያ ወጋችኝ። ያማል ብዬ ጓጉቼ ነበር። አላመመኝም።

ጥቅምት 26
ለእህቴ ነገርኳት። በስልክ፣ ፈሪ ነኝ። ስልኩን ዘጋችው።

ጽሑፉንም ሰጠሁ። ሳቅ የለበትም። አዘጋጁ አንብቦ መነጽሩን አወለቀ፣ አንድ ቃል አልነካም።

ኅዳር 5
ወለደች። ሴት። ባሏ ነው የነገረኝ።

ሄጄ የመኝታ ክፍሏ በር ላይ ቆምኩ። እህቴ ከአልጋዋ አየችኝ።

“ተወጋሽ?”

“ሦስት ሳምንት ሆነኝ።”

“ታጠቢና ነይ።”

ታጥቤ ልጅቷን አቀፍኳት። ምንም አትከብድም። የክንዴ ሙቀት ገብቷት ዓይኗን ስትጨፍን… ከኋላዬ ሁለቴ፣ አጭር። ከዚያ ጉሮሮ ማጥራት።

አልዞርኩም። እህቴ ግን ከትራሷ ቀና አለች።

“ሳልሽ እንዴ?”

“አልሳልኩም።”

ክፍሉ ውስጥ ከሦስታችን ሌላ ሰው አልነበረም። ልጅቷን መለስኩላትና እጄን እንደገና ልታጠብ ሄድኩ።