ሦስቱ ትራምፔቶችና የአባ ደሴ ፈረስ

ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለይሄይስ፤

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ? ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተወህ ወይ? ባለቤትህ ሀይማኖትስ፣ ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የቪየና ብርድ እንደኛው እንደ ቆሰበር ውርጭ ነው ወይስ ይብሳል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም አለን። እማዬ ጉልበቷን ከማማረሯ በቀር ደኅና ናት። በስልክ ካነጋገርሃት ወዲህ ለጎረቤቱ ሁሉ «ልጄ ወፍሯል» እያለች ታወራለች፤ ውፍረት በስልክ እንዴት እንደሚሰማ እሷ ትወቀው።

የላክሃቸው ሦስት ትራምፔቶች አንዳችም ሳይነካቸው ደርሰዋል። የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ የአቶ ዓብዱልሀሚድ ልጅ ኢብቲሳም እስከ ቤቴ ድረስ አመጣችልኝ። ሚኒባስ ውስጥ አንዱን እሷ፣ ሁለቱን አጠገቧ ያሉት ተሳፋሪዎች እንደ ሕፃን አቅፈውላት ነው የመጣችው። «እትዬ ደብሪቱ፣ ለሙሽራ እንኳ እንዲህ አልተጠነቀቅሁም» ብላ አሳቀችኝ። ወደ ቪየና ስትመለስ ሁለቱን ይዛልህ ትመጣለች፤ አንዱን መርጬ እንዳስቀር ያልኸውንም ነግራኛለች።

ስለ ምርጫው ከማውራቴ በፊት ግን በስልክ ያልነገርሁህን ልንገርህ። ክረምት ላይ የላይኛው የፊት ጥርሴ ወለቀ። ሰው ሠራሽ አስተክያለሁ፤ ለመብላት ምንም አይልም። ትራምፔት ግን የሚያርፈው እዚያው ላይ መሆኑን አንተ ታውቃለህ። ትተህልኝ በሄድኸው አሮጌ ስነፋ ከንፈሬ ቶሎ ይዝላል፤ ከፍ ያለው ድምፅም ይከዳኛል። የማርሽ ባንዳችን መሪ ብሥራት መከራውን አይቶ ሲያበቃ፣ «እትዬ፣ በጥር ለሚውለው የፈረሰኞች በዓል ሜዳውን እየነፉ ሦስቴ ዞረው መጨረስ ካልቻሉ ከበሮ እሰጥዎታለሁ፤ አይቀየሙኝ» አለኝ። አልተቀየምሁትም። ግን ከዚያ ግማሹ ከተቀደደ መጽሐፍህና ከሬዲዮ ለቃቅሜ የተማርሁትን ነገር በዚህ ዕድሜዬ አስቀምጪው መባል ከበደኝ።

እንግዲህ ስለ ትራምፔቶቹ። እንዲህ ያለ ዕቃ በእጄ ይገባል ብዬ በሕልሜም አላሰብሁም። በብር የተለበጠው የአሜሪካው ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ቀስት እንደ ተወረወረ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትንፋሽን ሳይከለክል ይቀበላል፤ እኔ ራሴ ቆጥቤ ካልሰጠሁት ግን ያለኝን ሁሉ ይዞብኝ ይሄዳል። የጃፓኑ ቫልቮች ጣቴ ገና ሲያስባቸው የወረዱ ይመስለኛል። በእሱ ስነፋ ድምፁን ፍለጋ አልሄድም፤ ድምፁ ቦታው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል።

ሦስተኛው፣ የምትሠራበት የሙዚቃ መሣሪያ ቤት አለቃህ በእጁ የሠራው ከባዱ፣ ምን ብዬ ልንገርህ? ዝቅ ያለውን ድምፅ ስነፋበት ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ወንፊት ተንቀጠቀጠ። ቀስ ብዬ ስነፋም ድምፁ አይቀጥንም፤ ወፍራምና ለስላሳ እንደ ሆነ ይቀራል። እማዬ ከጓዳ ሆና «ማነው የገባው?» አለች። ሰው መስሏት ነው። ያን ቀን ሥራ አልሠራሁም፤ እሱን አቅፌ ዋልሁ።

የባንዱ ሰዎች ተሰብስበው ሲሰሙ ግማሹ የአሜሪካውን፣ ግማሹ ከባዱን አሉና ጭቅጭቅ ሆነ። አባ ደሴን ታስታውሳቸዋለህ፣ በየዓመቱ በዓሉ ላይ ከፊት የሚጋልቡት ሽማግሌ። እሳቸው፣ «እናንተ ስትጣሉ ይመሻል፤ ዳኛውን እኔ አመጣለሁ» ብለው ፈረሳቸውን ሜዳ ላይ አቆሙት። በውርጩ ማለዳ የከንፈር ማሳረፊያውን ብብቴ ሥር እያሞቅሁ በየተራ ነፋሁ። በአሜሪካው ስነፋ ፈረሱ አንድ ጆሮውን ብቻ አዞረ። በጃፓኑ ስነፋ ሣሩን አላቋረጠም። በከባዱ ስነፋ ግን አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ መሬቱን እየደበደበ አባ ደሴን ይዟቸው ሊሄድ ሆነ። «ተፈረደ!» ብለው ጮኹ። ሁሉም አጨበጨበ።

ቤት ገብቼ እህል ሳበጥር ነው ነገሩ የገባኝ። ለሁለቱ የሠርግ ዜማ፣ ለከባዱ ግን ፈረሰኛ የሚጠራበትን ዜማ ነበር የነፋሁት! ያ ፈረስ ደግሞ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ ያንን ዜማ ሲሰማ ነው የኖረው። ለአባ ደሴ ብነግራቸው፣ «አንቺ ሴትዮ፣ ፈረሴን አሳሳትሽው እኮ! ዝም ያልሽ እየመሰልሽ ጉድ ትሠሪያለሽ» ብለው እስኪያስላቸው ሳቁ። በማግስቱ ለሦስቱም ያንኑ ዜማ ነፋሁ። ፈረሱ ለሦስቱም ጨፈረ። «በቃ፣ ዳኛዬ ጉቦ በልቷል» ብለው ይዘውት ሄዱ።

ብሥራት ያኔ፣ «እንግዲህ በእግር ይለይ» አለ። እየነፋሁ ሜዳውን መዞር ጀመርሁ። በከባዱ ጀመርሁ፤ ከገበያ የሚመለሱ ሴቶች ሸክማቸውን አውርደው ቆሙ፤ እንዲያ ያለ ድምፅ ከእኔ ወጥቶ አያውቅም። ሁለተኛው ዙር ላይ ግን ከንፈሬ ተንቀጠቀጠ፤ ድምፁም ተሰበረ። በማግስቱ በአሜሪካው ሞከርሁ፤ እሱ ሁለተኛውን ዙር አስጨርሶ ጥሎኝ ቀረ። የጃፓኑን በሌላ ቀን፣ ደኅና አድሬ፣ ይዤ ወጣሁ። ዞርሁ፣ ደገምሁ፣ ሠለስሁ። ጥርሴ ትዝም አላለኝ። መጨረሻ ላይ ያለው ከፍተኛው ድምፅ እዚያው ነበር፣ ወጣልኝ። ብሥራትም፣ «እትዬ፣ ጥር ላይ ከፊት ነዎት» አለኝ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ የጃፓኑን አስቀርቻለሁ። የሚያምረው እሱ ስለሆነ እንዳይመስልህ። የሚያምረው ከባዱ ነው፤ ለአለቃህም እንዲሁ በልልኝ፤ እጁ ይባረክ። በውስጡ እኔ ያላወጣሁት ብዙ ድምፅ አለ። ወገብህ ከፈቀደልህ ለባለቤቱ ከመመለስህ በፊት አንድ ቀን መስኮት ከፍተህ እስኪደክምህ ድረስ ንፋበት። በስልክ አታሰማኝ፤ ስልክ ያንን ድምፅ ያሳንሰዋል። አንተ ከሰማኸው ይበቃኛል።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች፤ ለልጆቹ ስማቸውን እየጠራች ምርቃቷን ትልካለች። ለሀይማኖት፣ የልጆችህ እናት ናትና፣ ጤና ይስጥልኝ በላት። ልጄ ምህረቴ «አጎቴ» እያለ ሰላም ይልሃል። ብሥራትና የባንዱ ሰዎች አክባሪዎችህ ናቸው፤ አባ ደሴም ከነዳኛቸው።

እህትህ ደብሪቱ
እንጅባራ፣ ታኅሣሥ 17 ቀን 2015 ዓ.ም.