ሽበቴን ያጠብኩት አውቄ ነው

ውድ አለቃዬ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ደርሶኛል። ያመጣልኝ የምርምር ጣቢያው ስቶር ኪፐር ነው። በሩ ላይ ቆሞ ፖስታውን ከፈተና ጉሮሮውን ጠራርጎ ሊያነብልኝ ሲል ከእጁ ወሰድኩት።

"ምነው፣ ባነብልሽ?" አለኝ።

"አንተ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀመጥ፣ እኔ ላንብብልህ" አልኩት።

አነበብኩለት። ሁለት ቦታ ላይ ብቻ ተደናቀፍኩ። አንዱ "ማጣቀሻ" የሚለው ላይ ነው። ሌላው "በስህተት" የሚለው ላይ ነው፤ እሱ ላይ የቆምኩት ግን ፊደሉ ከብዶኝ አይደለም።

አንቺ ስላልኩሽ አትቀየሚ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እኔ አንቱ ስልሽ፣ አንቺ ደግሞ እማማ ስትዪኝ ኖረናል። የምበልጥሽ በሁለት ዓመት ብቻ ነው። መጥረጊያ የያዘች ሴት ሁሉ እማማ ትመስላለች መሰለኝ።

የጠየቅሽኝ ነገር ገብቶኛል። ሽበቴ ስለሚባለው ቁጥቋጦ አዘራር የጻፍሽው መመሪያ ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ነው። መመሪያው እንደሚለው ዘሩን ሁለት ቀን በሚፈስ ውሃ ያጠቡ ሰዎች ዘንድሮ ከመቶ ሰባት እንኳ አልበቀለላቸውም። ባለፈው ክረምት ከሰፈራችን በላይ ያለው ተዳፋት ተንዶ ሦስት ቤት ይዞ ወርዷል። ያን አፈር ጨብጦ የሚይዝ ሥር ያለው ሽበቴ ነው፤ ስለዚህ ዝናቡ ሳይመጣ ችግኙ መድረስ አለበት። ለዚህ ብለሽ "ያን ጊዜ በስህተት ያደረግሽውን በዝርዝር አስታውሰሽ ንገሪኝ" ትያለሽ። ከሥሩ ደግሞ ፎርም አያይዘሻል፦ "ጽሑፉን ማንበብ ባለመቻሌ ዘሩን በስህተት ያጠብኩት እኔ መሆኔን አረጋግጣለሁ።" ፊርማ፣ ቀን።

ምራቴ ፎርሙን አይታ ፊቷ ጠቆረ። እንደምታውቂው አሁን እዚያው ዘር ክፍል ውስጥ የምትሠራው እሷ ናት፤ ቋሚም አልሆነችም። "እማዬ፣ ምን ይጎዳዎታል? ይፈርሙና ይገላገሉ" አለችኝ። "እናንተ በድሮ ነገር ስትጣሉ እኔን አታስበሉኝ።"

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ቀን ይህን መጻፍ ጀመርኩ።

ያኔ ሽበቴ ሁለት ዓመት ሙሉ እምቢ ብሎሽ ነበር። እርጥብ ወረቀት በተነጠፈባቸው የመስታወት ሳህኖች ላይ መቶ መቶ እየቆጠርሽ ታሰልፊዋለሽ፤ ምንም የለም። እኔ ገለባውን እለቅማለሁ፣ ሳህን አጥባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ። ጆሮዬ ግን ሥራ አልነበረውም፤ አንቺን ይሰማ ነበር። ለተለማማጆቹ እንዲህ ስትዪ አስታውሳለሁ፦ "ዘር ውስጥ ሁለት ትእዛዝ አለ። አንዱ ተኛ ይላል፤ አብሲሲክ አሲድ ይባላል። ሌላው ተነስ ይላል፤ ጂበርሊን ይባላል። ተነስ የሚለው ካላሸነፈ ዘሩ አይበቅልም።"

አንዷ ተለማማጅ፣ "ሁለቱም ዝም ካሉስ?" አለችሽ።

"ሁለቱም ዝም የሚሉት የሞተ ዘር ውስጥ ነው" አልሻት።

ከዚያ ከማቀዝቀዣው ያቺን ትንሽ የጂበርሊን ጠርሙስ አውጥተሽ ሳህኖቹ ላይ ጠብ ጠብ አደረግሽ። ሽበቴ አልሰማሽም። ተነስ የሚለውን ከውጭ ጨመርሽለት እንጂ ተኛ የሚለው ገና ቅርፊቱ ላይ እንዳለ ነበር። እኔ ይህን የማውቀው ከእናቴ ነው። የጓሯችን አጥር ሽበቴ ነበር። እናቴ ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ ታጥባለች፣ ውሃውን ጠዋት ማታ ትቀይራለች፣ በቀየረች ቁጥር እጣቢውን በምላሷ ጫፍ ትቀምሳለች። "ገና መራራ ነው" ትላለች። መራራነቱ ካልጠፋ አትዘራውም። ሽበቴ ደረቅ አገር የሚወድ ተክል ነው፤ ካፊያ ቢመታው ተታሎ አይበቅልም፣ ያን መራራ ነገር ጠርጎ የሚወስድ ደህና ዝናብ ይጠብቃል። እናቴ የመራራውን ነገር ስም አታውቀውም፤ ምላሷ ግን ያውቀው ነበር።

አንድ ቀን ደፈር ብዬ፣ "ቢታጠብስ?" አልኩሽ። አይንሽን ከማይክሮስኮፑ ሳታነሺ፣ "እማማ፣ ሳህኖቹን እጠቢ" አልሽኝ። ተለማማጆቹ ሳቁ። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

አሁን የምጽፈውን ለማንም ነግሬ አላውቅም። የሽበቴው ዘር ከረጢት ላይ በቀይ የተጻፈ ወረቀት ነበር። ለስብሰባ ከከተማ በወጣሽበት ሐሙስ ጠዋት ስቶር ኪፐሩን "ይሄ ምን ይላል?" ብዬ ጠየቅሁት። "አይታጠብ ይላል" አለኝ። ስለዚህ አውቅ ነበር። አውቄ ሁለት እፍኝ ዘገንኩ፣ በጨርቅ ቋጠርኩ፣ ሳህን ማጠቢያው ቧንቧ ሥር አንጠልጥዬ ውሃውን እንደ ክር አቅጥኜ ለቀቅሁበት። ጠዋትም ማታም ቀመስኩ። እሁድ ጠዋት ምላሴ ላይ ተራ ውሃ ሆነ። መቶ ቆጥሬ አዲስ ወረቀት ላይ አሰለፍኩት።

ማክሰኞ ስትመለሽ ጨርቁን አየሽ። ወረቀቱን ከከረጢቱ ገንጥለሽ አፍንጫዬ ሥር ያዝሽው። "ይሄ ምን ይላል?"

እኔም "እመቤቴ፣ ማንበብ አልችልም፤ አላወቅሁም" አልኩሽ።

ዋሸሁሽ። ልጄን ብቻዬን ነበር የማሳድገው፤ አውቃ አጠፋች ከምባል አላዋቂ ናት ብባል ይሻለኛል ብዬ ነው። መሃይምነቴ ሥር ተደበቅሁ። አንቺም አመንሽኝ፤ ለማመን አንድ ደቂቃ አልፈጀብሽም። ተሳስታ ነው የሚለው ለሁለታችንም ተመቸን። እኔ ግን በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበትኩ።

በሳምንቱ ስቶር ኪፐሩ ቤቴ መጥቶ "በቀለ እኮ፤ ከመቶ ሰማንያ ሦስት" አለኝ። ልትጠሪኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ። አንድ ወር ሙሉ በር በተንኳኳ ቁጥር ሻሼን አስተካክዬ ነበር የምከፍተው።

ፊደል የቆጠርኩት በስልሳ አንድ ዓመቴ ነው። አስተማሪያችን "እቤታችሁ ያለ የታተመ ነገር ሁሉ አምጡ" ስትለን ስቶር ኪፐሩ የሰጠኝን መመሪያሽን ይዤ ሄድኩ። ገጽ ዘጠኝ ላይ በጣቴ እየተከተልኩ፣ "ማንበብ የማትችል አንዲት የቀን ሠራተኛ በስህተት…" አልኩ። አጠገቤ የምትቀመጠው ልብስ ሰፊ አንገቷን አስግጋ፣ "ስላንቺ ነው እንዴ? ታዋቂ ነሻ" አለችኝ። "ታዋቂስ ነኝ፤ በስህተት" አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ሁለት ቀን የሚለውን ከየት እንዳመጣሽው አላውቅም። ሦስት ቀን ነበር። ሦስትም ቢሆን የዚያ ዓመት ዘር ነው። በድርቅ ዓመት የተለቀመ ሽበቴ ምሬቱ ይበዛል፤ ዘንድሮ አምስት ቀን ፈጅቶብናል። ለሽበቴ ሰዓት አይቆጠርም። ውሃው ጠዋትና ማታ ይቀየራል፣ በምላስ ጫፍ ተቀምሶ ይተፋል፤ ምሬቱ ሲጠፋ ያንኑ ቀን ይዘራል። ሮዝ ዱቄት የተቀባውን የጣቢያውን ዘር ግን ማንም እንዳይቀምስ፤ እሱ መርዝ ነው፤ ይህንንም ጻፊው። ሲያጎነቁል አንዷን ሰብረሽ ብትቀምሻት ጣፋጭ ናት። አንቺ ጂበርሊን ኢንዛይሞቹን ቀስቅሶ ስታርቹን ስኳር አደረገው ትያለሽ። እኔ ነቃ እላለሁ። በዚህ ላይ ጠብ የለንም።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ፎርምሽን እንዳለ ስለተቀበልኩ አይደለም። ተዳፋቱ ሥር የሚተኙ ልጆች ስላሉ ነው። ከአንቺ በፊትም ለጎረቤቶቼ ነግሬያለሁ። ዛሬ በሰፈራችን በየደጁ ባልዲ ተደርድሯል፤ በየፌስታሉ የበቀለው ችግኝ ሁለት ሺህ አልፏል።

ፎርሙን አርሜዋለሁ። "ማንበብ ባለመቻሌ" የሚለውን ሰርዤ "አይታጠብ የሚለው ተነቦልኝ" ብዬበታለሁ። "በስህተት" የሚለውን ሰርዤ "አውቄ" ብዬበታለሁ። ከዚያ ፈርሜበታለሁ። ስቶር ኪፐሩን "ትመሰክራለህ ወይ?" ስለው፣ "ጡረታዬ ሁለት ወር ነው የቀረው፤ ምን ያደርጉኛል?" ብሎ ከሥሬ ፈረመ። ስሜን መመሪያው ላይ ባታወጪው ግድ የለኝም። "በስህተት" የሚለው ግን ይውጣልኝ። ውሸቱን የጀመርኩት እኔ ነኝ፤ የምጨርሰውም እኔ ነኝ።

ምራቴ ይህን ደብዳቤ አልጻፈችውም፣ እንድጽፈውም አልፈለገችም። በእኔ ምክንያት ከሥራዋ ንቅንቅ ብትል፣ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ጣቢያው በር ላይ እለጥፈዋለሁ። ጽሕፈቴ አያምርም፤ ከሩቅ ግን ይነበባል።

ሰኞ ጠዋት አርባ ሴቶች ሆነን ተዳፋቱ ላይ ልንተክል እንወጣለን። መምጣት ከፈለግሽ አካፋሽን ይዘሽ ነይ። ቦታ እናሳይሻለን፤ እዚያ ላይ ግን አለቃ የለም።

ከተዳፋቱ ሥር፣
ዘር አጣቢዋ