የሺዬ፣ ሕጉ ለካ ነበረ

የሺዬ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽን ዓመት ሞላ። ሙት ዓመትሽንም ባለፈው እሑድ አስበን ዋልን። እስካሁን ያልጻፍኩልሽ ሰንፌ አይደለም፤ ደንግጬ ነው። ድንጋጤው አሁንም አልለቀቀኝም። አውቶብሱን እየነዳሁ ድንገት ትዝ ሲለኝ ፌርማታ አልፌ እሄዳለሁ።

ቤቱ ደህና ነው። ልጃችን ቤዛ ከሥራ ስትወጣ ትመጣለች፣ ጨው ቀንስ እያለች ትጨቀጭቀኛለች፤ ቁርጥ አንቺን። እዚህ ዋሽንግተን ዳር፣ የሲልቨር ስፕሪንጓ አፓርታማችን ሊፍት እንደ ልማዷ ተበላሽታለች። በረንዳው ላይ የተከልሽው ጤና አዳም ግን እኔን ንቆ ያለ ውሃም ለምልሟል።

ያስደነገጠኝን ልንገርሽ። ልብስሽን ለሰው መስጠት ልቤ እንቢ ብሎኝ ከርሞ፣ በመጨረሻ ጓደኛሽን እታለምን እዚሁ አጠገባችን ካለው አሌክሳንድሪያ መጥታ እንድትለይልኝ ለመንኳት። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ቆማችሁ ያስቀደሳችሁ፣ እሷ ካልሆነች ማን ይንካው ብዬ ነው። መሳቢያሽን ስትከፍት ከጡት መያዣሽ ውስጥ አንዲት በነጭ ጨርቅ የተሰፋች ከረጢት ወደቀች። አንስቼ ብዳብሳት ምስር ናት።

ቀኝ ጡትሽ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ልብስሽን የምትቀይሪው መታጠቢያ ቤት ገብተሽ ስለነበር፣ በቦታው ምን እንደምታደርጊበት አላውቅም ነበር። ጥጥ ቀሎ ወደ ላይ እየሸሸ ቢያስቸግርሽ ይሆናል፣ ከግራው እኩል እንዲከብድ ምስር ሞላሽበት። ስፌቱ ደግሞ እንዴት ያምራል። ደርዝ በደርዝ ነው።

እታለም ከረጢቷን በመዳፏ መዘነቻትና አልጋው ላይ ቁጭ አለች። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ ተቆጣች። «ይሄን ስታደርግ ነው የኖረችው? ኢንሹራንሳችሁ እኮ መልሶ ማሠራቱንም መሸፈን ነበረበት። ሕግ ነው» አለችኝ። አንቺ ከየት አወቅሽ አልኳት። ለካ የእሷም ተቆርጦ ኖሯል። አንቺ በታከምሽበት በዚያው ዓመት። በሥራዋ ኢንሹራንስ፣ ከገዛ ሆዷ ሥጋ ወስደው አዲስ ጡት ሠርተውላታል። እሷ ለሰው የሐሞት ጠጠር ነው ስትል፣ እኛ ጨጓራ ነው ስንል፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ አንድ በሽታ ተደባበቃችሁ። ብትነግሪያት ትነግርሽ ነበር የሺዬ።

አላመንኳትም። ቤዛን ኢንሹራንሱ ጋ አስደወልኳት። ስልኩ ላይ ያለችው ሴት በረጋ ድምፅ አስረዳችን። የእኔ ዓይነቱ የሥራ ኢንሹራንስ ጡት የሚቆረጥበትን ቀዶ ጥገና ከሸፈነ፣ በሽተኛዋ ከፈለገች መልሶ መሥራቱንም፣ ሌላኛውን ከእሱ ጋር ማመጣጠኑንም፣ ሰው ሠራሽ ጡቱንም የመሸፈን ግዴታ አለበት። እኛ ድርሻችንን እንከፍላለን እንጂ እምቢ ሊለን አይችልም። ከቀዶ ጥገናው የሚመጣ የእጅ እብጠት ሕክምናም ይጨምራል አለች። ያ ሰዓትሽ አልገባበት ያለው፣ በሻሽ ጠቅልለሽ የምታድሪው እጅሽ። ቤዛ ስልኩን ዘግታ «አባ፣ ሎው ነው እኮ፣ ሕግ። እኛ እዚህ አገር ከመምጣታችን በፊትም ነበረ» አለችኝ።

ዶክተሩ እኮ ጡትሽን መልሰን እንሥራልሽ ወይ ብሎ ጠይቆሽ ነበር፤ ትዝ ይልሻል? በስልክ የሚተረጉምልን ልጅ ድምፁ የአንዱ ዲያቆናችን መሰለሽ። ጡት የሚለውን ከአፉ ስትሰሚ አንገትሽን ደፍተሽ፣ አያስፈልግም በልልኝ አልሽው። ዋሽንግተንና ዙሪያዋን የሞላው ሐበሻ ሁሉ የሚያውቀን ይመስለን የለ። ውጭ ስንወጣ፣ ይሄ የሀብታም ሴቶች መዋቢያ ነው፣ ማን ይከፍለዋል አልሽኝ። እኔም እውነትሽን ነው ብዬ መኪናውን አስነሳሁ።

ሕጉ ከሞት አያስጥልሽም ነበር። በሽታው ተመልሶ የመጣው ጉበትሽ ላይ ነው፤ ይሄን አውቃለሁ። እኔን የሚያንገበግበኝ እስክስታሽ ነው። አሌክሳንድሪያ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ፣ ከበሮ ከተመታ ማንም የማያስቀምጥሽ አንቺ፣ ጥግ ይዘሽ ቁጭ አልሽ። እህቴ ሠርጌን ናቀች ብላ ስንት ጊዜ አኮረፈችሽ፤ አንቺም ምክንያቱን ሳትነግሪያት ሞትሽ። ከረጢቷ እንዳትወድቅብሽ ፈርተሽ ነበር ለካ።

በሽታሽን ለሰው እንዳልናገር ቃል አስገብተሽኛል። ይሄ ቃል ነው ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ። ዝም ብል አንቺን አከበርኩ፤ ዝም ብል ደግሞ ሌላዋ ቤቷ ቁጭ ብላ ምስር ትሰፋለች። ያለፈው እሑድ፣ ሙት ዓመትሽ ላይ፣ ቄሱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ማዕድ ላይ ሲቀመጥ ተነሥቼ ቆምኩ። እታለም የእኔን ስም እንዳታነሳ ብላኝ ነበር፤ አላነሳሁም። የአንቺን ግን አነሳሁ። «የሺን የገደላት ጨጓራ አይደለም። የጡት ካንሰር ነው» አልኩ። ስለ ሕጉም የገባኝን ያህል ተናገርኩ።

እህቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ አድርጋ ስታለቅስ አየኋት። ከእሷ በቀር ሁሉም ሳህን ሳህኑን ያያል። አዋረድኳት ማለት ነው ብዬ ተቀመጥኩ።

በኋላ ድስቱን መኪና ላይ ስጭን አንዲት የማላውቃት ልጅ እግር ሴት ተከትላኝ መጣች። ከዚሁ ቅርብ፣ ከበልትስቪል ነኝ አለች። ለአንዲት ጓደኛዬ ልጠይቅህ ነው ብላ ዙሪያዋን አየች። «እጅም ይጨምራል?» አለችኝ። ይጨምራል አልኳት፤ የቤዛንም ስልክ ሰጠኋት። ቁጥሩን ስትጽፍ ግራ እጇ ከነጠላዋ ሥር አልወጣም።

የሺዬ፣ አንዱን ቃሌን አፍርሼብሻለሁና ይቅር በይኝ። አልረሳሽም ያልኩሽን ግን እጠብቃለሁ። ከረጢቷ አሁንም መሳቢያሽ ውስጥ ናት። ከእንግዲህ ስምሽ በተነሳበት ሁሉ መጀመሪያ እስክስታሽን፣ ቀጥሎ ሕጉን እናገራለሁ።

ያንቺው፣ ተፈራ